የአማርኛ የይለፍ ሐረግ ከተርሚናል፦ አራት ቃል ለምን አይበቃም

«2,048 የአማርኛ ቃላት ሰብስቤያለሁ፤ ተርሚናል ላይ በዘፈቀደ አራቱን የሚያወጣ ስክሪፕት ብጽፍ ለፓስዎርድ ይበቃል?» ለሚለው ጥያቄ፦ አይበቃም፤ ሰባት ይሁን።

ከ2,048 ቃላት በዕጣ የወጣ አንድ ቃል 11 ቢት ነው (አንድ ቢት በጨመረ ቁጥር መሞከር ያለበት ጥምረት እጥፍ ይሆናል)፤ አራቱ 44 ይሆናሉ። የተሰረቀ ዳታቤዝ ውስጥ ፓስዎርዱ በፈጣን ሃሽ (ፓስዎርዱን ወደ ኋላ ወደማይመለስ ኮድ በሚቀይር ስሌት) ብቻ ከተቀመጠ፣ በሰከንድ 10 ቢሊዮን የሚሞክር ማሽን ሁሉንም ጥምረት ሞክሮ ለመጨረስ 30 ደቂቃ አይሞላበትም። በሰባት ቃል (77 ቢት) ያው ማሽን ከ400 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ለይለፍ ሐረግ የተዘጋጀው የእንግሊዝኛው ዳይስዌር ዝርዝር 7,776 ቃላት ስላሉት ስድስት ይበቃዋል።

ስክሪፕቱ አንድ መስመር ነው። በሊኑክስ ሹፍ (shuf) የሚባለውን ዕጣ አውጪ ትእዛዝ ተጠቀሙ፤ መደጋገም የሚፈቅደውን አማራጭ አብሩ፣ ብዛቱን 7 አድርጉ፣ የዘፈቀደ ምንጩን ደግሞ ዴቭ ዩራንደም (/dev/urandom፣ የሲስተሙ የራሱ የዘፈቀደ ምንጭ) ብላችሁ ስጡት። ምንጩ ካልተሰጠው በውስጡ ያለውን ቁጥር አመንጪ ይጠቀማል፤ እሱ ለምስጢር የታሰበ አይደለም። በፓይተን ከሆነ ሴክሬትስ የሚባለውን ሞጁል አስገቡ፤ ከ3.6 ጀምሮ አብሮ ይመጣል። ራንደም የሚባለውን ሞጁል ተዉት። የተርሚናሉ ቋንቋ የባሽ ራንደም ደግሞ የባሰ ነው፤ ከ0 እስከ 32,767 ብቻ ነው የሚሰጠው።

ዋናው ሥራ ያለው ግን ዝርዝሩ ላይ ነው። ሐረጉን የምታስታውሱት በድምፅ ነው፣ ኮምፒውተሩ የሚያየው ፊደሉን ነው። «ሰዓት» ነበር «ሰአት»? «ፀሐይ» ነበር «ጸሀይ»? ከሦስት ወር በኋላ ይህ ጥያቄ አካውንት ያዘጋል። ስለዚህ ከዕጣው በፊት ፊደሉን አንድ አድርጉ። ፊደል በፊደል በሚተካው ሴድ (sed) ትእዛዝ ላይ እንዲህ ይጻፋል፦

y/ሐሑሒሓሔሕሖ/ሀሁሂሃሄህሆ/

ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ በየሰባት ሆሄያቸው እንዲሁ አድርጉ፤ በመጨረሻ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ። ከዚያ የተደገመውን አውጥታችሁ እንደገና ቁጠሩ፤ ሁለት የነበሩ ቃላት አንድ ስለሚሆኑ 2,048 የነበረው ይቀንሳል፣ ጎደሎውን ሙሉ። ፋይሉ ከዊንዶውስ የመጣ ከሆነ በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ምልክት ሊኖር ይችላል፤ እሱንም አጥፉ፣ አለበለዚያ ኮፒ ስታደርጉ ከቃሉ ጋር ተያይዞ ይሄዳል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ችግር አለ። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ቢክሪፕት የሚባለው ሃሽ ደግሞ የሚያየው 72 ባይት ብቻ ነው። ይህን ተመልከቱ፦

ጀበና ደመና ሚዛን ቀበሮ ገመድ ማንኪያ ወንበር

23 ፊደልና 6 ክፍት ቦታ፣ በድምሩ 75 ባይት። ትርፉን ዝም ብሎ የሚቆርጥ ሲስተም ላይ የመጨረሻዋ «ር» የለችም ማለት ነው፤ ቃላቱ ረዘም ካሉ ሙሉ ቃል ይጠፋል። ከዝርዝሩ ከሦስት ፊደል በላይ የሆኑትን ብታወጡና ያለ ክፍት ቦታ ብትጽፉ ሰባቱ ከ63 ባይት አያልፉም።

የዲስክ ምስጠራ ላይ ግን አማርኛ አታስገቡ። ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ የአማርኛ ኪቦርድ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ በራሳችሁ ዲስክ ላይ ትቆለፋላችሁ። እዚያ የዳይስዌሩ ስድስት ቃል ይሻላል።

የወጣውን ሐረግ አስቀያሚ ነው ብላችሁ ደጋግማችሁ አታስወጡ። ከስምንት ዕጣ ደስ ያላችሁን መምረጥ እስከ 3 ቢት ያስከፍላል፤ ከአንድ ቃል ሩብ በላይ ነው። ለመጀመሪያው ሳምንት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ አስቀምጡ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ በእጃችሁ ጻፉት፤ ጣት ሲለምደው ወረቀቱን አቃጥሉ።