የአማት ክርና የገና ድመት

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። አይስላንዳዊ አግብቼ በሰሜን አይስላንድ ያለችው አኩሬይሪ ከተማ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ባለፈው እሑድ አማቴ አንድ ከረጢት ሙሉ የሱፍ ክርና መርፌ ሰጡኝና ‹ለገና ለባልሽ ሎፓፔይሳ ሥሪለት› አሉኝ፤ የአገሩ የሱፍ ሹራብ ነው። እኔ በሕይወቴ ከስካርፍ ሌላ ሠርቼ አላውቅም። ክሩ ደግሞ ገና ስነካው ያሳክከኛል። በዚህ ላይ ‹ቅዳሜ ሎይቫብሮይድ እንሠራለን፣ ቢላ ይዘሽ ነይ› ብለውኛል፤ የገና ቂጣ ነው አሉ። እምቢ ብል ቅር ይላቸዋል። እሺ ብል እዋረዳለሁ። ምን ይሻለኛል?»
አዲሷ ምራት

እህቴ፣ እምቢም እሺም አትበይ። «ደስ ይለኛል፣ ሹራቡን ለከርሞ አደርስለታለሁ፤ ለዘንድሮ ካልሲ ልሥራለት» በያቸው። አይቀየሙም። ሹራብ የሚሠራ ሰው ሥራው ምን ያህል ጊዜ እንደሚበላ ያውቃል። (በነገራችን ላይ አማትሽን በስማቸው ጥሪያቸው። እዚህ አገር ፕሬዚዳንት ሳይቀር በስም ነው የሚጠራው። እኔ ምላሴ እስኪፈታ ድረስ ስንት ጊዜ ተንተባትቤያለሁ!)

ለመሆኑ ስለ ገናው ድመት ነግረውሻል? ዮላኮቱሪን ይሉታል። ለገና አዲስ ልብስ ያላገኘን ሰው የሚበላ ግዙፍ ድመት ነው። ተረቱ ከሥራ ጋር የተያያዘ ነው። በመኸር የተሸለተው የበግ ፀጉር ገና ከመድረሱ በፊት ተፈትሎ፣ ተሠርቶ ማለቅ ነበረበት። የሠራ አዲስ ልብስ ያገኛል፣ የሰነፈ ለድመቱ ይቀራል። ዋና ከተማው ሬይክያቪክ፣ ላይክያርቶርግ በሚባለው አደባባይ ላይ በመብራት ያጌጠ ትልቅ ድመት ያቆሙለታል፤ ከመጣሽ እዪው። ድመቱ ግን ሹራብ ነው ካልሲ ብሎ አይመርጥም። ዲሴምበር 24 ከምሽቱ 12 ሰዓት የቤተ ክርስቲያኑ ደወል በሬዲዮ ሲሰማና በዓሉ ሲገባ ባልሽ አዲስ ካልሲ ካደረገ ተረፈ ማለት ነው።

የሚያሳክክሽ ነገር ምክንያት አለው። የአይስላንድ በግ ሁለት ዓይነት ፀጉር ነው ያለው። ላይኛው ቶግ ይባላል፤ ረጅም፣ ሻካራ፣ ውሃ የማያስገባ ነው። ሥር ያለው ቴል ደግሞ ለስላሳና ሞቃት ነው። ሎፒ የሚሉት ክር ሁለቱንም አንድ ላይ የያዘ ስለሆነ ነው ቀሎ የሚያሞቀው። የሚወጋሽ ቶጉ ነው። ሠርተሽ ስትጨርሺ ለብ ባለ ውሃ፣ በሱፍ ሳሙና እጠቢው፤ ሲታጠብ ክሩ ፈታ ይላል። መጨረሻ ላይ ለፀጉርሽ የምትጠቀሚበትን ኮንዲሽነር ትንሽ ጠብ ብታደርጊበትም ይለሰልሳል። የቀረውን ከሥር የሚለበስ ጥጥ ሸሚዝ ይችለዋል። ለሕፃን ልጅ ቆዳ ግን ሎፒን አልመክርም። ለሕፃን ሜሪኖ የሚባለውን ለስላሳ ሱፍ ፈልጊ።

አሁን ከረጢቱን ክፈቺው። ክሩ እንደ ዳቦ ጠፍጣፋ ክብ ሆኖ የተጠቀለለ፣ ሳብ ሲያደርጉት የሚበጠስ ከሆነ ፕሎቱሎፒ ነው፤ ያልተፈተለ ሱፍ ማለት ነው። ለጀማሪ ያስለቅሳል። ቢበጠስብሽም አትደንግጪ። ሁለቱን ጫፍ ደራርበሽ በረጠበ መዳፍ ስታሺው መልሶ ይያያዛል። ሌትሎፒ ከሆነ ግን እሰየው፤ የተፈተለ ነው፣ ይታገሥሻል።

ሹራቡን ስትጀምሪ ደግሞ ይህን ያዢ። ሎፓፔይሳ ተቆራርጦ አይሰፋም። ገላው ከታች ወደ ላይ እንደ ቱቦ ይሠራል። እጅጌዎቹም ለየብቻ እንዲሁ ይሠራሉ። ብብት ላይ ሲደርሱ ሦስቱ አንድ ረጅም መርፌ ላይ ይገናኛሉ። ጌጡ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ወደ አንገት በቀረብሽ ቁጥር መርፌው ላይ ያሉት ቀለበቶች ይቀንሳሉ። ጀማሪ የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው። ሁለት ቀለም ስትሠሪ ያልተጠቀምሽበት ክር በጀርባ በኩል ያልፋል። እሱን ጠበቅ አድርገሽ ከሳብሽው ሹራቡ ይኮማተራል፣ ትከሻም አይገባም። ላላ አድርጊው። ባልሽ ከፊት የሚከፈት ከፈለገ ደግሞ መጀመሪያ ቱቦውን ጨርሺ፤ ከዚያ መሐሉን ግራና ቀኝ በስፌት መኪና ደርበሽ ሰፍተሽ በመቀስ ትቆርጪዋለሽ። አዎ፣ በመቀስ! ያን ዕለት አማትሽ አጠገብሽ ቢኖሩ ይሻላል።

ሰዎች ሎፓፔይሳ የቫይኪንግ ዘመን ልብስ ይመስላቸዋል። አይደለም። ሹራብ መሥራት አይስላንድ የገባው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ይህ አንገቱ ዙሪያ ጌጥ ያለው ሞዴል ደግሞ በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የመጣ ነው። «የአይስላንድ ሎፓፔይሳ» የሚለው ስም ከ2020 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። እንዲያ ለመባል ሱፉ የአይስላንድ በግ፣ ሥራውም እዚሁ አገር በእጅ የተሠራ መሆን አለበት። አንቺ አኩሬይሪ ቁጭ ብለሽ የምትሠሪው እንግዲህ ትክክለኛው ነው!

የቅዳሜው ነገር ከሹራቡ በጣም ይቀልላል። ሎይቫብሮይድ በስስ የተዳመጠ ክብ ሊጥ ነው፤ ጥሩ ሲሆን ከሥሩ ያለ ጋዜጣ ይነበባል ይላሉ። ወጉ ድሮ የሰሜኑ ነው፣ ስለዚህ አማትሽ ያውቁበታል። ሊጡ ላይ ትንንሽ ማዕዘን በቢላ ትቆርጫለሽ፤ ከዚያ የአንዱን ጫፍ አንስተሽ በሚቀጥለው ላይ ታጥፊዋለሽ። ሲደራረብ ቅጠል ይመስላል። ከነሐስ የተሠራ የሚሽከረከር መቁረጫም አለ፤ ልጆች የሚጣሉት በሱ ነው። ተራሽን እየጠበቅሽ ሊጡን በጨርቅ ሸፍኚው፣ ቶሎ ይደርቃል። እንዳያብጥ በሹካ ውጊው። በጋለ ስብ ጠብሰው እንዳወጡት ጠፍጣፋ ነገር ይጫኑበታል። የመጀመሪያሽ ቢበጣጠስ ማንም አይስቅብሽም፤ የተሰበረው እዚያው በቅቤ ይበላል። አያት፣ አጎት፣ የልጅ ልጅ ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው የሚቀመጠው። ቤተሰቡን የምታውቂው ያን ቀን ነው፣ እንዳትቀሪ።

«የባለቤቴን ሎፓፔይሳ ማሽን ውስጥ ከፎጣ ጋር አጠብኩት። ለልጃችን የሚሆን ያህል ጠበበ። መመለስ ይቻላል?»
ጥፋተኛው

አይቻልም ወንድሜ። ሙቀትና መገለባበጥ ሲገናኙ የሱፉ ቃጫዎች እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፣ ከዚያ አይላቀቁም። ቆርጠህ ለልጁ ጓንት ወይም የጫማ ውስጥ ንጣፍ አሠራው፤ እንዲያ የተጣበቀ ሱፍ ንፋስ አያሳልፍም። ለባለቤትህ ደግሞ አዲስ ግዛ። ሬይክያቪክ፣ ስኮላቮርዱስቲጉር የሚባለው መንገድ ላይ የሹራብ ሠሪዎቹ ማኅበር ሱቅ አለው። ማኅበሩ በ1977 የተመሠረተ ነው። ዋጋው ይቆነጥጣል፣ ግን የሰው እጅ ነው የሠራው።

«የምኖረው ሬይክያቪክ ነው። የ10 ዓመት ወንድ ልጄ ትምህርት ቤት ሹራብ አስተማሩት። አሁን ማታ ማታ ኳሱን ትቶ መርፌ ይዞ ይቀመጣል። ለገና ለአያቱ ኮፍያ እሠራለሁ ይላል። እኔ እንጃ፣ ትንሽ ከበደኝ። መምህሩን ላናግር?»
የአባት ጭንቀት

ስለ ምን ነው የምታናግረው? እዚህ አገር የእጅ ሥራ ትምህርት ለሴትም ለወንድም ግዴታ ነው። ወንድ ልጅ ክር ሲይዝ የጀመረውም ዛሬ አይደለም። ድሮ በረጅሙ የክረምት ማታ ቤተሰቡ አንድ ክፍል ይሰበሰባል። አንዱ ጮክ ብሎ ታሪክ ያነባል፤ ሌላው ያበጥራል፣ ይፈትላል፣ ሹራብ ይሠራል። ወንዱም፣ ሴቱም፣ ልጁም። የሠሩት ካልሲና ጓንት ባሕር ተሻግሮ ይሸጥ ነበር። አገሩ የኖረው በዚያ ጭምር ነው። በዲሴምበር መጨረሻ ሬይክያቪክ ላይ ፀሐይ የምትታየው በቀን ለ4 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በዚያ ጨለማ ልጅህ ስልክ ላይ ከሚያፈጥ ይልቅ ኮፍያ ቢሠራ ምን አጠፋ?

ይልቅ አግዘው። ለአያቱ ደውልና የራሳቸውን ዙሪያ በሜትር አስለካ፤ ልጆች ሁልጊዜ አሳንሰው ነው የሚሠሩት። የክሩን ቀለም አንተ አትምረጥለት። ዲሴምበር 12 ጠዋት ደግሞ ለልጆች ጫማ ውስጥ ስጦታ ከሚተዉት 13ቱ የገና ወንድማማቾች የመጀመሪያው ይመጣል። ልጅህ በዋዜማው ማታ ጫማውን መስኮት ላይ ማስቀመጡ አይቀርም። ያጠፋ ልጅ ጫማው ውስጥ ድንች ያገኛል፤ ላንተ ልጅ ግን እሱ የሚወደው ቀለም ያለው አንድ ጥቅል ሌትሎፒ ክተትለት። ኮፍያው ላይ ሳያልቅበት አይቀርም፣ ሁለት ይሁን።