«እናቴ ራሷን ስታለች፤ ታላቄ ጠበል፣ ታናሼ ኦፕሬሽን ይላሉ» ላልሽው

ዛሬውኑ ሐኪሙን ጠይቂ፦ «አንድ ቀን ብንቆይ ምን ይሆናል?» መልሱን ለሁለቱም አንድ ላይ ይንገራቸው። አንቺ ከተመላለስሽበት ወሬው ይጣመማል።

ቀጥሎ፣ እሷ ደህና ሳለች ምን ትል ነበር? የደም ግፊት ክኒኗን እየዋጠች ጠበል ትሄድ ከነበረ መልሱ እዚያው ነው።

ለታላቅሽ የንስሐ አባታችሁን ጥሪለት። አቡነ ጳውሎስ እንኳ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ይሄዳሉ ብለዋል። እናታችሁን ከአልጋ ከማንሳት ቄሱ ቢመጡላት ይቀላል።

ብቻ አደራ! አክስቴን ስናስታምም አንዷ ዘመድ በሃይላንድ ያመጣችውን ጠበል በማንኪያ አፏ ውስጥ ጠብ አደረገች። ትን አላት፣ ሌሊቱን ሲያፍናት አደረ። የእናታችሁን ግንባር በጠበሉ አብሱላት፤ ራሷን እስክታውቅ በአፏ ጠብታም አይግባ።