የቀጠሮ ቀን ጓደኛ

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

የላካችሁልኝን የሰባት ክፍል የድራማ ጽሑፍ፣ ድምፅ የሚሰማውን ልጅ፣ የጫት ሱሰኛውንና ጠጪውን ስለሚያድን ጓደኛ የሚተርከውን፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ እንደ ነርስ፣ እርሳስ ይዤ፤ ቀጥሎ እርሳሱን አስቀምጬ፣ እንደ እናት። ካሜራ ከሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ተከራይታችሁ፣ ከደመወዛችሁ አዋጥታችሁ፣ ማንም ሳያዛችሁ ይህን ሥራ መጀመራችሁ ልቤን ነክቶታል። በአእምሮ ሕክምና ክፍል በቆየሁባቸው 31 ዓመታት፣ የታመመውን ልጅ ስምና ሰፈር፣ እናትና ጓደኛ ያለው ሰው አድርጎ የሚያሳይ ድራማ ስመኝ ነው የኖርኩት።

«ሲስተር፣ በሽታው ልክ ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። በሽታው ባብዛኛው ልክ ነው። ያላመንኩት ጓደኛውን ነው።

በስድስተኛው ክፍል ጓደኛው ዝናብ እየወረደበት ረጅም ንግግር ያደርጋል። ድምፅ የሚሰማው ልጅ ያለቅሳል፤ ሱሰኛው ጫቱን ይጥላል፤ ሰባተኛው ላይ ሁሉም ድነዋል። ንግግሩ ያምራል፤ ተዋናያችሁም አሳምሮ እንደሚወጣው አልጠራጠርም። እኔ ግን በሥራ ዘመኔ ሁሉ በንግግር የዳነ ሰው አላየሁም።

ያየሁትን ልንገራችሁ። በየአራት ሳምንቱ ለመርፌ የሚመጣ ወጣት ነበረ። ክኒኑን እየተወ ስላስቸገረ በወር አንዴ የሚወጋ መድኃኒት ታዞለት ነበር። ሁልጊዜ አብሮት የሚመጣ ልጅ አለ። ወንድሙ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የሰፈሩ ልጅ ነው። ወያላ ነው፤ ለዚያ ቀን ጠዋት ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ነው የሚመጣው። ወረፋው ስለሚረዝም አንዳንዴ እስከ ስድስት ሰዓት አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። ስለ በሽታው ሲያወሩ አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም፤ የሚጨቃጨቁት ስለ አርሰናል ነው። ተራቸው ሲደርስ ታዲያ ወያላው ከኪሱ የተጣጠፈች ወረቀት አውጥቶ፣ «ሲስተር፣ ባለፈው ሳምንት ሦስት ሌሊት አልተኛም» ይለኛል።

ያቺ ወረቀት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበረች። ሕመሙ ሊያገረሽ ሲል ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው እንቅልፍ ነው። ከዚያ ልጁ ከሰው መሸሽ፣ የቀረበለትን ምግብ መጠራጠር፣ ብቻውን ማጉረምረም ይጀምራል። በወር አንድ ቀን የሚያየው ሐኪም ይህን አያገኘውም፤ አብሮት የሚውል ሰው ግን ያየዋል። ስኪዞፍሬኒያ፣ ልጃችሁን የያዘው ይህ ድምፅ የሚያሰማ ሕመም፣ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ ዕድሜ ማብቂያና በሃያዎቹ ውስጥ ነው። ጓደኛ ከወላጅ ይልቅ በሚቀርብበት ዕድሜ ማለት ነው። ስለዚህ ጓደኛውን ተናጋሪ ከማድረግ፣ የሚያይ፣ የሚቆጥር፣ አግዳሚው ላይ የሚቀመጥ አድርጉት። አራተኛው ክፍል ሙሉውን ያ አግዳሚ ቢሆን አይሰለችም፤ እመኑኝ።

አሁን ወደ ጫቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝ።

ጫቱን ከውጭ የመጣ ሌባ አድርጋችሁታል። ሱሰኛው ልጅ ብቻውን፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሲቅም ነው የሚታየው። የምታውቁትን ነገር ለምን ትደብቃላችሁ? በርጫ፣ ተሰብስቦ የሚቃምበት፣ እኮ ጓደኝነቱ ራሱ ያለበት ቦታ ነው። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ፣ ለውዙ መሐል ተቀምጦ፣ ሥራ አጡም ተማሪውም እኩል የሚሆኑበት፣ ምርቃናው፣ የጫቱ ሞቅታ፣ ሲመጣ የወደፊቱ ሁሉ የሚታቀድበት። ሲመሽ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ማለትም ወደ መጠጥ፣ ይወጣል። ማለዳ ደግሞ ያልተኛ አካል፣ የተጨነቀ ልብ፣ ባዶ ኪስ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አምፌታሚን የሚሉት አነቃቂ ዕፅ የቅርብ ዘመድ ነው፤ እንቅልፍ ይነሣል። ድምፅ ለሚሰማው ልጅ እንቅልፍ ማጣት ምን እንደሆነ ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ልጁ ታዲያ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም የሚቅመው። ታካሚዎቼ ደጋግመው ይሉኝ የነበረው «ሲስተር፣ መድኃኒቱ ያደነዝዘኛል፤ ስቅም ነው ከጓደኞቼ ጋር እኩል የምሆነው» ነው። «ጫት ተው» ስንለው የሚሰማው «ጓደኛ ተው» ብለን ነው። ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያለውን ጊዜ በምን ይሙላው? የጽሑፋችሁ ትልቁ ጥያቄ ይህ መሆን አለበት። ጓደኛውስ እሱን «ተው» እያለ ራሱ በርጫው ላይ ይቀመጣል? ወይስ አብሮት ተነሥቶ ይወጣል? ተነሥቶ መውጣቱ እሱንም ዋጋ ያስከፍለዋል፤ ሌሎቹ ይቀየሙታል፣ ስልክ መደወል ያቆማሉ። ያን ዋጋ አሳዩኝ፤ ከዝናቡ ንግግር ይልቅ ያን አምናለሁ።

አምስተኛው ክፍል ላይ አንድ አደገኛ ነገር አለ። ጓደኛው ጠጪውን ክፍል ውስጥ ቆልፎበት ሦስት ቀን አስቀምጦ ያድነዋል። ይህን እባካችሁ አውጡት። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ይንቀጠቀጣል፣ የሚጥል ሕመም ሊነሣበት ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ አእምሮው ተምታቶ ግድግዳው ላይ ነፍሳት ሲርመሰመሱ ሊያይ ይችላል። ካልታከመ ሊሞት ይችላል። እናንተን አይቶ ወንድሙን የሚቆልፍ አንድ ልጅ እንኳ እንዳይኖር ነው የምፈራው። ጓደኛው ቁልፉን ትቶ ታክሲ ይጥራ፤ ጤና ጣቢያ ይዞት ይሂድ። በዚያ የታክሲ መንገድ ላይም ቢሆን ጥሩ ትዕይንት ይወጣዋል።

ስለ ምክርና ስለ ንግግር እንዲህ አጥብቄ የምናገረው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። አብረን ነርስነት የተማርን ጓደኛ ነበረችኝ። ባሏ ከሞተ በኋላ አረቄ ጀመረች፤ መጀመሪያ ማታ ማታ፣ በኋላ ጠዋትም። እኔ ያን ጊዜ ስለ ሱስ ሕክምና ሥልጠና ወስጃለሁ፤ የማላውቀው የሌለ መስሎኛል። እሁድ ከሰዓት እየሄድኩ ስለ ጉበቷ፣ ስለ ልጆቿ እመክራታለሁ። አንገቷን ደፍታ ትሰማኛለች። አራት እሁድ መክሬ ለውጥ ባላይባት ቀረሁ። ሰባት ወር ሙሉ ደጇን አልረገጥኩም።

ጎረቤቷ ጉሊት የሚሸጡ አንዲት ሴት ነበሩ። እሳቸው ግን በየማለዳው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጀበናቸውን ይዘው ይገቡ ነበር። እጇ የሚንቀጠቀጠው፣ መለኪያዋን የምታነሣው ያኔ ነው። ሲኒዋን በሁለት እጇ እስክትይዝ ይጠብቋታል። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወሯታል። ጤና ጣቢያ ይዘዋት የሄዱትም እሳቸው ናቸው። ከዳነች በኋላ ጠየቅኳት፤ «አንቺ ስትመጪ ፈተና ልቀመጥ ነው የሚመስለኝ። እትዬ ሲመጡ ግን ቡና ነው የምንጠጣው» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሳትጠጣ ኖራ በሌላ ሕመም አረፈች። እነዚያን ሰባት ወራት እስከ ዛሬ እቆጥራቸዋለሁ።

የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ሁለተኛው ክፍል ላይ ልጁ ቢላ ያነሣል፤ አብዛኞቹ ታማሚዎች ማንንም አይጎዱም፣ ይልቁንም የሚደበደቡት እነሱ ናቸው፤ ቢላውን አስቀሩት። ካህኑን ክፉ ሰው አታድርጉት። ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ጸበል ነው፤ መከፋፈላችን ታማሚውን አይረዳውም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናግረው ነበር፤ ካህናችሁም «መድኃኒትህን አታቋርጥ» የሚል ይሁን። ሦስተኛው ክፍል ላይ ልጁ ራሱን ለማጥፋት ሲሞክር ዘዴውን በቅርበት አታሳዩ። ፊልም በኢንተርኔት የሚያሰራጨው ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2017 ካወጣው የወጣቶች ድራማ እንዲህ ያለውን ትዕይንት በ2019 ቆርጦ አውጥቶታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ለፊልም ሠሪዎች ባወጣው መመሪያ ዘዴው እንዳይታይ ይመክራል። ትዕይንቱ ከተሰራጨ በኋላ መቁረጥ ምን ይጠቅማል? እናንተ ገና አልቀረጻችሁትም።

የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ገንዘብ እንደሚሰጣችሁ፣ ጠርሙሱ ግን በደንብ እንዲታይ እንደሚፈልግ ነግራችሁኛል። ገንዘቡ እንደሚያስፈልጋችሁ አውቃለሁ፤ ግን አትቀበሉት። የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእናንተ ድራማ ደግሞ በዚያው ጠርሙስ ስለሚሰቃይ ልጅ ነው።

«አማኑኤል ያስገቡህ!» የሚለውን ስድብ ግን አታውጡት፤ ሰው እንደዚያ ነው የሚናገረው። የአእምሮ ሆስፒታሉ ስም በሰፈር ልጆች አፍ ስድብ ከሆነ ቆይቷል። ብቻ ያን ሲባል የልጁን እናት ፊት አሳዩን። ስሙ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት እንደሆነ እሷ ታውቃለች።

ስለ ሰባተኛው ክፍል ሳስብ ሰንብቼ አንድ ነገር መጣልኝ። ያ ጓደኛ ብቻውን አይችለውም፤ የእኔ ወያላም አንዳንድ ወር ይደክመው ነበር። እንዲህ ብታደርጉትስ፤ የቀጠሮው ቀን ደርሶ ጓደኛው መምጣት አልቻለም። በእሱ ፈንታ የሚመጣው ሱሰኛው ነው። ማታውን አልተኛም፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ግን መጥቷል። አግዳሚው ላይ ሁለቱ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ተራቸው ሲጠራ ከኪሱ ያቺን ወረቀት ያወጣል፤ ጽሑፉ የእሱ ስላልሆነ ለማንበብ ይቸገራል። «ሲስተር» ብሎ ይጀምራል።

ቤቴ በረንዳ ላይ ረጅም የእንጨት አግዳሚ አለ፤ ነጭ ጋውኔም ታጥቦ ተቀምጧል። ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ብትመጡ ብርሃኑ ጥሩ ነው። መርፌ እንዴት እንደሚያዝም ለተዋናይቷ አሳያታለሁ።