መልስ፦ «ሴዳው በነጋሪት ጋዜጣ አልታተመም» ከተባለ

ሴዳው በሴቶች ላይ የሚደረግ አድልዎን ሁሉ ለማስወገድ የወጣ ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። በባልዎ ስም የተመዘገበውን ቤት ለመካፈል እሱን ጠቅሰው የሚያቀርቡት ክርክር «በጋዜጣው ስላልታተመ አይሠራም» በሚል መቃወሚያ ብቻ አይወድቅም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው፤ ሴዳው የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው።

በአቤቱታዎ አጻጻፍ ላይ ግን ቅደም ተከተል ይጠብቁ፦

1. መጀመሪያ የቤተሰብ ሕጉ። አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ ከሆኑ አዋጅ 213/1992 አንቀጽ 63፦ በአንዱ ተጋቢ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው። ክልል ከሆኑ የክልሉን ሕግ ይጥቀሱ።
2. ቀጥሎ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 (የሴቶች መብት) እና 13(2) (መብቶች ከዓለም አቀፍ ስምምነቶች ጋር ተጣጥመው ይተረጎማሉ የሚለው)።
3. መጨረሻ ላይ ሴዳው አንቀጽ 16(1)(ሸ) (ተጋቢዎች በንብረት ላይ ያላቸው እኩል መብት)፣ ቅጂውን አያይዘው።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 በልጅ አሳዳጊነት ጉዳይ እንደ ሴዳው ዓለም አቀፍ የሆነውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ተጠቅሞ ወስኗል። ዳኛው ካመነታ ይህን ያሳዩ፤ ክርክሩን ብዙ ጊዜ የሚያሳጥረው እሱ ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ ሴዳውን መጀመሪያ ከሥር ፍርድ ቤት ያንሡት። ሰበር የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን ነው፤ ከሥር ያልተነሣ ክርክር እዚያ ሲደርስ «አዲስ ነው» ተብሎ ይታለፋል። «ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል» ብለውም አይጻፉ፤ መዝገቡ ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ተልኮ ጉዳይዎ ሊጓተት ይችላል። «ሕጉ በዚህ መልክ ይተርጎምልኝ» ይበሉ።