ዛፉን ለማሳነስ አትቸኩሉ

ቦንሳይ፣ ማለትም ዕቃ ውስጥ እየተቆረጠና እየተጣመመ ትንሽ ሆኖ የሚያድግ ዛፍ፣ ከዘር ማሳደግ የምትፈልጉ ልጆች እየበዛችሁ ነው። ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን የጨረስኩት በደን ሥራ ነው። ችግኝ ሳፈላና ተራራ ላይ ሳስተክል ኖሬ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ትንንሽ ዛፎች ይዤ ቁጭ ብያለሁ። የምላችሁን እንደ አባት ምክር ውሰዱት።

ከሁሉ በፊት፣ «የቦንሳይ ዘር» የሚባል ነገር የለም። ኢንተርኔት ላይ ሰማያዊ ቅጠል ያለው ዛፍ ፎቶ ለጥፈው የሚሸጡላችሁ ተራ የዛፍ ዘር ነው፤ እሱም ከሆነ። ዛፉን የሚያሳንሰው ዘሩ ሳይሆን የሰው እጅ ነው። መቀስ፣ ሽቦ፣ ሥር መከርከምና ጠባብ ዕቃ። ያንኑ ዘር ሜዳ ላይ ብትተክሉት እንደ ወንድሞቹ ትልቅ ዛፍ ይሆናል።

ምን እንዝራ ካላችሁ፣ የጃፓን ሜፕል የሚባለውን ዛፍ እርሱት። ቅጠሉን አራግፎ በብርድ የሚተኛበት ወራት ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብትሆንም እንዲህ ያለ ወቅት የላትም። የታኅሣሥ ሌሊት ለእኛ ነው እንጂ ለሜፕል ብርድ አይባልም። እኔ የምመክራችሁ ወይራ ነው። ያው የጠላ ጋን የምናጥንበት የሀገራችን ወይራ። ቅጠሉ ከተፈጥሮው ጠባብ ነው፤ ገልበጥ ስታደርጉት ጀርባው ወርቃማ ቡናማ ነው። ስትቆርጡት ከግንዱም ጭምር መልሶ ያቆጠቁጣል። ከፍ ካለ በኋላ ውሃ ቢዘገይበትም ቶሎ አያኮርፍም። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጽድም ያምራል፤ ግን ዘሩ ብዙው ባዶ ነው፣ አረንጓዴው እስኪያልቅ የቆረጣችሁት ቅርንጫፍም ደርቆ ይቀራል። ለጀማሪ ይከብዳል።

የወይራ ፍሬ ጠቁሮ ሲበስል ልቀሙ። የቤተ ክርስቲያን ግቢ ከሆነ አስፈቅዱ። ሥጋውን በውሃ እያሻችሁ አውልቁት። ውስጥ ያለው ዘር ልባሱ ክፉኛ ጠንካራ ነው፤ እንዲሁ ብትቀብሩት ወራት ይፈጃል፣ ብዙውም ሳይበቅል ይቀራል። ስለዚህ በሞርሳ ያዙትና ቀስ እያላችሁ ጨመቅ አድርጉት። ቀጭ ሲል ወዲያው አቁሙ፤ የምትፈልጉት ልባሱ እንዲሰነጠቅ ብቻ ነው። ሞርሳ ከሌላችሁ ሹል ጫፉን በጥፍር መቁረጫ ቆርጠም አድርጉት። ውስጡ ከተጨፈለቀ ያ ዘር አለቀለት። የተረፈውን ውሃ ውስጥ አሳድሩና የራሱን ውፍረት እጥፍ ያህል አፈር አልብሱት። ከሳምንታት በኋላ ብቅ ይላል። አንዳንዱ ተስፋ ከቆረጣችሁ በኋላ ነው የሚወጣው፤ አፈሩን ቶሎ አትድፉ። ግራር ከሆነ ሞርሳ አያስፈልግም። ፍል ውሃ አፍስሱበትና እዚያው ይደር፤ ጠዋት ያበጠውን ዝሩ፣ ያላበጠውን ድገሙት።

በአፈር ቀልድ የለም። እ.ኤ.አ. በ1923 የመሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮን ካፈረሰ በኋላ የከተማዋ ቦንሳይ አብቃዮች የተሻለ አፈርና ውሃ ፍለጋ ሰፈር ቀይረው ሄደዋል። በ1925 ከቶኪዮ ወጣ ብሎ ያለው የኦሚያ የቦንሳይ መንደር የተቆረቆረው እንዲያ ነው። የእኛ ዋልካ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ሥሩን ያፍነዋል። ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ግን ግንባታ ባለበት ሁሉ አለ፤ መሀል አዲስ አበባ ደግሞ ግንባታ መች ጠፍቶ! ፎርማኑን ለምናችሁ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ውሰዱ። በወንፊት ንፉትና ዱቄቱን ጣሉ፤ ምስር የሚያካክለውን አስቀርታችሁ ከትንሽ ኮምፖስት ጋር ቀላቅሉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ችግኙ ስንዝር ሲሞላ ብዙዎቻችሁ ለፎቶ ስትሉ ጠፍጣፋ ሳህን ውስጥ ትከቱታላችሁ። ተዉ! ሳህን ውስጥ የገባ ግንድ መወፈሩን ያቆማል ማለት ይቻላል። ከዓመታት በኋላም እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥ ብሎ ነው የምታገኙት። ግንድ የሚወፍረው እንደ ልቡ ሲያድግ ነው። ግቢ ያለው መሬት ላይ ይትከል፤ የሌለው ትልቅ ዕቃ፣ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካንም ቢሆን፣ ይጠቀም። ከቁመታችሁ ይብለጥ፣ ምን ቸገራችሁ? ታችኛው ግንድ የምትፈልጉትን ያህል ሲወፍር ዝቅ አድርጋችሁ ትቆርጡታላችሁ። ከሚወጡት ቀንበጦች አንዱን መሪ አድርጋችሁ እንደገና ታሳድጋላችሁ፤ ሲበቃው እሱንም ትቆርጡታላችሁ። ከታች ወፍሮ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ ግንድ በዚህ መንገድ ነው የሚገኘው። አሥር ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ያን ያደገ ዛፍ ስትቆርጡት ጎረቤት «ምን ነካው ይሄ ልጅ?» ይላል። ይበል።

በልጅነቱ ካልተሠራ የሚያመልጥ ነገር ግን አለ። በመጀመሪያው ዓመት ማብቂያ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ችግኙን አውጥታችሁ ቁልቁል የሚወርደውን ዋና ሥር ቁረጡ፤ ጎን ለጎን የሚሄዱትን ዙሪያውን ዘርጓቸው። ግንዱንም ከእርሳስ ሳይወፍር ከታች ጀምራችሁ በሽቦ አጣሙት። ከችግኝ ሻጭ የተገዛ ወፍራም ግንድ ይህን ዕድል አይሰጣችሁም፤ ከዘር መጀመር ለእኔ የሚያዋጣው ለዚህ ብቻ ነው። ሽቦው የግንዱን ሲሶ ያህል ይወፍር። የኤሌክትሪክ የመዳብ ሽቦ ፕላስቲኩን ላጡና እሳት ላይ አግሉት፤ ሲበርድ ለስልሶ ይታዘዛችኋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ቶሎ ቶሎ እዩት፤ ዛፉ ሲወፍር ሽቦው ቅርፊቱን ይበላዋል። ስታነሱት በፒንሳ ቆራርጣችሁ እንጂ እየፈታችሁ አይሁን፤ ቅርንጫፉ ይሰበራል።

ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን አጠገብ አታስቀምጡት፤ የውጭ ዛፍ ነው። በረዶ ሲጥል ብቻ ከጣራ ሥር አስገቡት።

ወይራው እስኪደርስ እጃችሁ ሥራ አይፍታ። መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት አንድ ፊከስ (የዋርካ ዘመድ ነው) ግዙና መቁረጡንም ሽቦውንም እሱ ላይ ተለማመዱ። ብትሳሳቱም ቶሎ ያቆጠቁጣል። ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ልብስ ላይ ካረፈ አይለቅም፤ አሮጌ ሸሚዝ ልበሱ።