ከከንቲባው ቢሮ በፊት መዝገብ ቤት ይግቡ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ደብዳቤዎች ስለ ከተማ አስተዳደርና ስለ ምክር ቤት የሚጠይቁትን መርጠናል። ረጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ከጦሳ ተራራ ሥር ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ዲቹ እየሞላ ጎርፉ ግቢያችን ይገባል። ለቀበሌ ነግረን «ለማዘጋጃ ቤት እናሳውቃለን» ተባልን፤ ይኸው ሁለት ክረምት አለፈ። ሰው ሁሉ «ከንቲባው ዘንድ ካልገባችሁ አይሆንም» ይለናል። እንዴት ብለን እንግባ?
*የአንድ ሰፈር ነዋሪዎች፣ ደሴ*

መልስ፦ በቃል የተነገረ አቤቱታ ቢሮ ውስጥ አይቀመጥም። የቀበሌው ኃላፊ «እናሳውቃለን» ያሉት ከልባቸው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በወረቀት ስላልሰፈረ እሳቸው ሲቀየሩ ጉዳያችሁም አብሮ ይሄዳል። ከንቲባው ዘንድ ብትገቡም ማመልከቻችሁ ጠርዝ ላይ ጽፈው ለሚመለከተው ክፍል ይመሩታል እንጂ ከዚያ የተለየ ነገር አያደርጉም። መንገድ፣ ዲች፣ የደረቅ ቆሻሻ ማንሳት፣ ቄራ፣ የመንገድ መብራት የመሳሰለው የማዘጋጃ ቤት ሥራ በሥራ አስኪያጁ በኩል ነው የሚሄደው። ወረቀቱ በቀጥታ ወደዚያ ቢገባ አንድ ደረጃ ታተርፋላችሁ።

ከመጻፋችሁ በፊት የምትጠይቁትን ለዩ። ደለል ጠረጋ ከሆነ የሚከፈለው ከመደበኛ በጀት ነው፤ የጉልበት ሠራተኛ፣ አካፋና ደለሉን የሚያነሳ መኪና ከተገኘ በሳምንት ያልቃል። አዲስ ዲች መገንባት ወይም የፈረሰውን በድንጋይ እንደገና ማሠራት ግን የካፒታል በጀት ይፈልጋል። ጥናት፣ ግምት፣ ጨረታ፣ ውል አለው። ብዙ ማመልከቻ መልስ ሳያገኝ የሚቀረው «መፍትሔ ይሰጠን» ብቻ ስለሚል ነው። የትኛውን መፍትሔ እንደጠየቃችሁ ያላወቀ ባለሙያ ወረቀቱን ወደ ጎን ያደርገዋል።

ስለዚህ «ጉዳዩ፦» የሚለው መስመር ላይ ቁርጥ ያለ ነገር አስፍሩ። ለምሳሌ «ከታችኛው ድልድይ እስከ ዋናው አስፋልት ያለው 180 ሜትር ዲች ደለሉ እንዲጠረግ፣ ከዚህም ውስጥ የፈረሰው 40 ሜትር እንደገና እንዲገነባ ስለመጠየቅ»። ርዝመቱን በሜትር ገመድ ለኩት፤ ስፋቱንና ጥልቀቱንም ጨምሩ። የዘጋው ምን እንደሆነ ጻፉ፦ ከላይ የወረደ አፈር ነው? ፌስታል ነው? ወይስ ግንበኛ አራግፎት የሄደ ጠጠር? የሽንት ቤት ፍሳሽ ወደ ዲቹ የለቀቀ ቤት ካለ እሱንም አትደብቁ፤ ባለሙያው ሲመጣ ማየቱ አይቀርም፣ ያኔ «መጀመሪያ የራሳችሁን አስተካክሉ» ይላችኋል። አንድ ፎቶ ዝናብ ሲጥል፣ ሌላውን ሲያባራ አንሱ። ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የፈራሚዎቹ ስም፣ የቤት ቁጥርና ፊርማ በአባሪ ይያያዝ። በአንድ ወረቀት ላይ ዲቹንም፣ መብራቱንም፣ የወጣቶቹን ሥራ አጥነትም አትደርድሩ፤ ሦስት ክፍል የሚመለከት ወረቀት አንዱም ክፍል የእኔ ነው አይለውም።

ሁለት ቅጂ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ግቡ። አንደኛው እዚያ ይቀራል፤ ሁለተኛው ላይ «ገቢ» የሚል ማኅተም፣ የገቢ ቁጥርና ቀን አስደርጉና ይዛችሁ ውጡ። ሠራተኛዋ «ችግር የለም፣ አስቀምጡት» ብትል እንኳ ቁጥሩን ሳትይዙ አትውጡ። ከሳምንት በኋላ ስትመለሱ «ጉዳያችን ምን ደረሰ?» አትበሉ። «በቁጥር ይህን ያህል፣ በዚህ ቀን የገባው ማመልከቻ ለማን ተመራ?» በሉ። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ «አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይሆናል፤ ለሁለተኛው መዝገቡ ይገለጣል።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ፤ ሁለት ክረምት የበላባችሁ እሱ ሳይሆን አይቀርም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። ጎርፉ ግቢ የሚገባው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፤ ሰውም የሚጮኸው ያኔ ነው። በዚያን ጊዜ ግን የዓመቱ ዕቅድ ተዘጋጅቷል፣ በጀቱም ወይ ጸድቋል ወይ ሊጸድቅ ምክር ቤት ቀርቧል። ነሐሴ ላይ የገባ የግንባታ ጥያቄ ቢሳካለት የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ውስጥ ይገባል፤ ጨረታው ወጥቶ ሥራው የሚጀመረው ደግሞ በበጋ ነው። መሐል ላይ ሌላ ክረምት መጥቶ ያልፋል። የግንባታ ጥያቄ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ ፀሐይ ሳለ፣ ማንም ስለ ጎርፍ ሳያስብ ይግባ። የጠረጋ ጥያቄ ግንቦት ላይ ይበቃዋል። ክረምቱ ከገባ በኋላ ቀሪው አማራጭ የበጀት ዝውውር ወይም መጠባበቂያ ነው፤ ያንን የሚያገኘው ቤት ሊወስድ የደረሰ ጎርፍ ብቻ ነው።

መዋጮ ከተጠየቃችሁ (መጠየቃችሁ አይቀርም፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድና ዲች በኅብረተሰብ ተሳትፎ መሥራት የተለመደ ነው) ገንዘቡ በኮሚቴ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ፣ ቢያንስ በሁለት ሰው ፊርማ የሚወጣ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ቤትም ደረሰኝ ይሰጥ። ከተማው የራሱን ድርሻ በጽሑፍ ሳያረጋግጥ ብር መሰብሰብ አትጀምሩ። ተሰብስቦ የተቀመጠ መዋጮ ከጎርፉ በላይ ጎረቤት ያጣላል።

ጥያቄ፦ ከንቲባ የሚመረጠው በማን ነው? እኛ መርጠን አናውቅም። ካልሠራስ ማውረድ እንችላለን?
*ወጣት አንባቢ፣ ኮምቦልቻ*

መልስ፦ ከንቲባውን ሕዝቡ በቀጥታ አይመርጠውም። ሕዝቡ የምክር ቤት አባላትን ይመርጣል፤ ምክር ቤቱ ከንቲባውን ይሾማል፣ ሪፖርቱን ያዳምጣል፣ በጀቱን ያጸድቃል፣ ካላመነበትም ያነሳዋል። ስለዚህ የሚጠይቁት የመረጡትን የምክር ቤት አባል ነው፤ ከንቲባውን የሚጠይቀው ደግሞ አባሉ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይደነግጋል።

«መርጠን አናውቅም» ያሉት ዕድሜዎን ካየን እውነት ነው። የቀበሌ፣ የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ነው። በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት ተራዘመ። የ2013ቱ ምርጫ በእናንተ አካባቢ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልሉ ምክር ቤት እንጂ ለከተማው ምክር ቤት አልነበረም። በእኛ አስተያየት ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም፤ የአምስት ዓመት ውክልና ሲረዝም አባሉም መራጩን፣ መራጩም አባሉን ይረሳል። ቢሆንም ምክር ቤቱ ሥራ ላይ ነው። የሰፈርዎ ወንበር የማን እንደሆነ ከአፈ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ። አባሉ ሞቶ ወይም ከተማውን ለቅቆ ከሆነም እዚያው ይነገርዎታል።

ጥያቄ፦ የከተማው በጀት ለየትኛው ቀበሌ ስንት እንደተመደበ ማየት እፈልጋለሁ። «የቢሮ ሰነድ ነው» ብለው መለሱኝ።
*ጡረተኛ መምህር፣ ደሴ*

መልስ፦ ምክር ቤት ያጸደቀው በጀት ሚስጥር አይደለም። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት አለው ይላል፤ ለምን እንደፈለጉት እንዲያስረዱም አይገደዱም። ጥያቄዎን በጽሑፍ ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ያስገቡ፤ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ከከለከሉም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ፤ «የቢሮ ሰነድ ነው» ብሎ በወረቀት የሚፈርም ኃላፊ ብዙ አይገኝም። ከዚያ በኋላ የሚያመለክቱት ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። ተቋሙ አቤቱታን በነፃ ያያል፤ ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ግን አይነካም።

ሰነዱን ሲያገኙ ሁለት ኪስ እንዳለ ልብ ይበሉ። የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ የመሰለው በአመዛኙ ከክልል በሚመጣ ድጎማና በመደበኛ ገቢ ይሸፈናል። ኮብልስቶን፣ ዲች፣ ጽዳት የሚሠራው ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ በሚሰበስበው ነው፦ ሊዝ፣ የቦታ ኪራይ፣ የቤት ግብር፣ የገበያ ቦታ፣ የአገልግሎት ክፍያ። ማዘጋጃ ቤቱ ያልሰበሰበው ብር ለዲች አይውልም፤ ስለዚህ የተመደበውን ብቻ ሳይሆን ባለፈው ዓመት ታቅዶ ስንት እንደተሰበሰበ የሚያሳየውን ገጽም ይጠይቁ።

አዲስ አበባ ያለ ዘመድ «የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012ን ጥቀስ» ቢልዎ አይስሙት። አዋጁ የፌዴራል ተቋማትን፣ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን እንጂ ደሴን አይመለከትም።

ጥያቄ፦ መብራት በሄደ ቁጥር ከንቲባውን እንወቅሳለን። ልክ ነን?
*ከፒያሳ፣ ደሴ*

መልስ፦ መብራት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ፌዴራል ነው፣ ከንቲባው ሊያዙት አይችሉም። የውሃ ጉዳይ ይለያል፤ የከተማው የውሃ አገልግሎት የሚመራው በቦርድ ስለሆነ የፈረቃ መዛባትና የታሪፍ ቅሬታ ከአገልግሎቱ ሥራ አስኪያጅ ቀጥሎ ለቦርዱ ይቀርባል። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወስደው ዋና መንገድ የፌዴራል መንገዶች መሥሪያ ቤት ነው። የሰፈራችሁ ኮብልስቶን የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ እሱን ውቀሱ።

ጥያቄ፦ ከፋብሪካ የሚለቀቅ ቀለም ያለው ውሃ ወደ ቦርከና ይገባል። ከታች በኩል አትክልት የምናጠጣው በዚያ ነው። ፋብሪካው «ሕክምና አድርገን ነው የምንለቀው» ይላል። ለከንቲባው ብንከስስ ይሰማናል?
*አርሶ አደሮች፣ ከኮምቦልቻ አካባቢ*

መልስ፦ ይሰሟችኋል፤ ግን ፋብሪካ ለከተማው የሥራና የገቢ ምንጭ ስለሆነ ከንቲባው ሁለት ፊት የሚያስጨንቅ ጉዳይ ነው የምትይዙላቸው። ሕጉ ሌላ በር ከፍቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው ጉዳቱ በቀጥታ እሱን እንደነካው ማስረዳት ሳይጠበቅበት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል። 30ው ቀን የሚቆጠረው አቤቱታው መዝገብ ቤት ከገባበት ቀን ተነስቶ፣ 60ው ደግሞ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30ው ቀን ካለቀበት ቀን ተነስቶ ስለሆነ፣ ለደሴዎቹ ስለ ገቢ ቁጥር ያልነው ለእናንተ ይብሳል።

ማስረጃ ሲባል ሰው ውሃ በሃይላንድ ቀድቶ ይሄዳል። ማን፣ መቼ፣ ከየት እንደቀዳው የማይታወቅ ውሃ ግን ክርክር ላይ አይጸናም። ናሙናውን ባለሙያ እንዲወስድ በማመልከቻው ጠይቁ፤ አንዱ ከፋብሪካው መውጫ በላይ፣ አንዱ መውጫው ላይ፣ አንዱ ከመውጫው በታች ይወሰድ። ከላይ ያለው ካልተመረመረ ፋብሪካው «ከሌላ ቦታ የመጣ ነው» ይላል። የእናንተ ሥራ ማስታወሻ መያዝ ነው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የውሃው ቀለም፣ ሽታው። ፍሳሹ የሚለቀቀው ሌሊት ወይም ዝናብ ሲጥል ብቻ ከሆነ ይህ ማስታወሻ ባለሙያው በየትኛው ሰዓት መምጣት እንዳለበት ይነግረዋል። የከተማው ምክር ቤት አባላችሁም ግልባጭ ይድረሳቸው፤ ከንቲባው ሪፖርት በሚያቀርቡበት ጉባኤ ላይ የሚያነሱት ጥያቄ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል።

ግልባጭ ስንል ግን አንድ ወይም ሁለት ነው። ከታች አሥር መሥሪያ ቤት የተደረደረበት ማመልከቻ ደርሶን ያውቃል። አሥሩም ሌላው ይዞታል ብለው ይተዉታል።

ጥያቄ፦ የምኖርበት የቀበሌ ቤት ጣሪያው ያፈሳል። በራሴ ወጪ ላድሰው?
*እናት፣ ሰኞ ገበያ*

መልስ፦ እናታችን፣ ቆርቆሮ ከመግዛትዎ በፊት ፈቃድ በጽሑፍ ያግኙ። የቀበሌ ቤት የሚባለው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች ውስጥ ወርሃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረው ነው፤ ከዚያ በላይ የነበረው ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ሄደ። ኪራዩ ብዙም ሳይጨምር ስለቆየ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ለእድሳት የሚተርፍ ነገር የለም፤ ለዚያ ነው «በጀት የለም» የሚሉዎት። ማመልከቻው ላይ የሚቀየረውን የቆርቆሮ ብዛትና የሚታደሰውን ግድግዳ ለይተው ይጥቀሱ። ወጪዎ ከኪራይ ላይ ይታሰብልኝ ካሉም ሥራው ሳይጀመር ያስፈርሙ፤ ከተሠራ በኋላ ማንም አይፈርምልዎትም። ደረሰኞቹን በሙሉ ያስቀምጡ። እግረ መንገድዎን ጓዳ ወይም ሱቅ ግን እንዳይጨምሩ፤ ያለ ፈቃድ የተጨመረ ክፍል ቤቱን ሊያሳጣዎት ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጃችን ከተወለደ አራት ወር ሆነው። አባቱ ለሥራ ጅቡቲ ነው። እሱ ካልመጣ አናስመዘግብም አሉን።
*ወላጅ፣ ኮምቦልቻ*

መልስ፦ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደትን ማስመዝገብ የአባት ወይም የእናት ግዴታ ነው፤ እርስዎ ብቻዎን ይችላሉ። መደበኛው ጊዜ 90 ቀን ስለነበረ አልፏል፤ ምዝገባው «የዘገየ» ተብሎ ይስተናገዳል እንጂ አይከለከልም። ከወለዱበት ጤና ተቋም የተሰጠዎትን የልደት ማሳወቂያ፣ የነዋሪነት መታወቂያዎን፣ ጋብቻው ተመዝግቦ ከሆነ ምስክር ወረቀቱን ይዘው የቀበሌዎ የክብር መዝገብ ሹም ዘንድ ይሂዱ። የአባቱን ስም አጻጻፍ ከመታወቂያው ቅጂ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክረው ይፈርሙ፤ «ኃይሉ»ና «ሀይሉ» ተብሎ የተለያየ ስም በኋላ ፓስፖርት ሲወጣ ፍርድ ቤት ያስኬዳል።