የመቻል ጠርሙሶች

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣

የምጽፍልዎ ስለ ውሻዬ ነው። ስሙ መቻል ነው፣ ላብራዶር ነው፣ 9 ዓመቱ ነው። ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደግኩት እኔው ነኝ። ድሮ የመኪናውን በር ከፈት ሳደርግ ዘሎ ወንበሩ ላይ ጉብ ይል ነበር፤ አሁን የፊት እግሮቹን ብቻ ይሰቅልና ዞር ብሎ ያየኛል። የኋላውን የማነሳለት እኔ ነኝ። ጠዋት ሲነሳ እንደ ሽማግሌ ነው፣ ሴራሚኩ ላይ እግሩ ይከዳዋል፣ ትንሽ ከተራመደ በኋላ ይፍታታል።

መጀመሪያ ለመገጣጠሚያ ነው የተባለ ግሉኮሳሚን ገዛሁለት። ከዚያ አንዷ ጓደኛዬ «አጥንቱ ነው የደከመው» ብላ ካልሲየም አስጀመረችኝ። መልቲቫይታሚንም ጨመርኩ። የዓሣ ዘይትም። የዛሬ ሦስት ወር ደግሞ ወንድሜ ለራሱ የታዘዘለትን ቫይታሚን ዲ «ለሰው አጥንት ከጠቀመ ለውሻ የማይጠቅመው ምን ሆኖ?» ብሎ ሰጠኝ፣ ይኸው በየቀኑ አንድ አንድ ፍሬ ይወስዳል። ክኒን ስለማይወድ በኦቾሎኒ ቅቤ ጠቅልዬ ነው የምሰጠው። ቁም ሳጥኔ ፋርማሲ መስሏል። ዋናው ምግቡ ጥሩ የሚባለው የታሸገ የውሻ ምግብ ነው። 41 ኪሎ ደርሷል፣ በ3 ዓመቱ 31 ነበር፣ መቼም ትልቅ ውሻ ነውና አልተጨነቅኩበትም።

ባለቤቴ ይስቅብኛል። «አጥንት ወርውሪለት፣ ይበቃዋል» ይላል።

ከነዚህ ውስጥ መጠኑን የትኛውን ልጨምርለት? ወይስ የቀረኝ ሌላ ነገር አለ?

ደግሞ ልረሳው ነበር፣ ሰሞኑን ውሃ አይጠግብም፣ ሌሊትም ለሽንት ይቀሰቅሰኛል፣ ምግቡንም እየተወ ነው። ሙቀቱ ይሆን?

የመቻል እናት

መልስ

የመቻል እናት፣ አንቺ ብልሽ ቅር እንዳይልሽ።

ሙቀቱ አይመስለኝም። ልትረሺው የነበረው ነገር ነው ከደብዳቤሽ ሁሉ ያስደነገጠኝ። ስለዚህ ከመጨረሻው ልጀምር። ቫይታሚን ዲውን፣ ካልሲየሙን እና መልቲቫይታሚኑን አቁሚ። ዛሬውኑ። ከዚያ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ውሰጂውና ደሙና ሽንቱ ይመርመር፤ ካልሲየሙ፣ ኩላሊቱ፣ ስኳሩ ይታይ። ብዙ መጠጣትና ብዙ መሽናት ከስኳር በሽታም፣ ከኩላሊትም፣ ከሆርሞን ችግርም ሊመጣ ስለሚችል ቫይታሚኑ ነው ብዬ አልምልልሽም። ግን ሦስት ወር ሙሉ የሰው ቫይታሚን ዲ በካልሲየም ላይ የወሰደ ውሻ ውሃ አልጠግብ፣ ምግብ አልበላ ሲል መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ማስታወክ ከጀመረው ወይም ከፈዘዘብሽ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ተነሺ። ስትሄጂ ጠርሙሶቹን በሙሉ በፌስታል ያዢ፣ ባዶዎቹንም። «አንድ ቫይታሚን እሰጠዋለሁ» ብትይው ሐኪሙ ምንም አይገባውም፣ እያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ ስንት እንዳለ ማንበብ አለበት።

አሁን ምክንያቱን ልንገርሽ። የውሻ ቆዳ እንደኛ ከፀሐይ በቂ ቫይታሚን ዲ አይሠራም፣ ከምግቡ ነው የሚያገኘው። አምራቾቹ ይህን ስለሚያውቁ ምግቡ ላይ ይጨምሩታል። ከረጢቱን ገልብጠሽ አንብቢ፣ ለአዋቂ ውሻ «የተሟላና የተመጣጠነ» የሚል ከተጻፈበት ካልሲየሙም ዲውም በልኩ ውስጡ አለ። አንቺ በዚያ ላይ ሦስት ጊዜ ደርበሽበታል። እንደ ቫይታሚን ሲ ቢሆን የተረፈው በሽንት ይወጣ ነበር (ሲን እንዲያውም ውሻ በራሱ ጉበት ይሠራዋል፣ ገንዘብሽን አታባክኚ)። ዲ ግን ከስብ ጋር ነው የሚሄደው፣ ሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ሲበዛ ደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ ያደርገዋል፣ ኩላሊትም ይጎዳል፣ ኩላሊቱ ውሃ መያዝ ሲያቅተው ውሻው ይሸናል፣ ስለሸናም ይጠማዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ ዲ በስህተት የበዛበት የታሸገ የውሻ ምግብ ከገበያ ሲሰበሰብ ለባለቤቶች የተነገራቸው ምልክት ይኸው ነበር፦ ማስታወክ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ብዙ ውሃ መጠጣት፣ ክብደት መቀነስ። ወንድምሽን አትቆጪው፣ በቅን ልቦና ነው።

የዓሣ ዘይቱን ጠርሙስ እስቲ አሁን አንሺው። «የኮድ ዓሣ ጉበት ዘይት» ነው የሚለው? ከሆነ እሱንም አቁሚ። የጉበት ዘይት ከተራው የዓሣ ዘይት ይለያል፣ ቫይታሚን ኤ እና ዲ አለበት፣ ይህ ማለት አራተኛ የዲ ምንጭ አገኘን ማለት ነው። ተራው የዓሣ ዘይት ከሆነ ግን ለመገጣጠሚያው ካሉሽ ነገሮች ሁሉ እኔ የማስቀረው እሱን ነው። ውስጡ ያለው ኦሜጋ 3 የሚባለው ስብ ብግነት ሲያበርድ በውሾች ላይ በጥናት ታይቷል። መጠኑን ሐኪሙ በኪሎው ያስላልሽ፣ ምርመራው ካለቀ በኋላ ከትንሹ ጀምሪ፣ ብዙው ተቅማጥ ያስከትላል። ዘይት መሆኑንም አትርሺ፣ ያወፍራል።

የኦቾሎኒ ቅቤውንም አንብቢ። ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ካለበት ጣይው። ለሰው ምንም አይደለም፣ ለውሻ ግን መርዝ ነው፤ የደም ስኳሩን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊጥለው፣ ከዚያም ጉበቱን ሊጎዳው ይችላል። በስኳር ምትክ በሚጣፍጡ የሚታኘኩ የሰው ቫይታሚኖች ውስጥም አለ።

ግሉኮሳሚኑ? እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ለዓመታት ያዘዝኩት ነገር ነው፤ ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን እስከዚያ የተደረጉት ጥናቶች በአንድ ላይ ሲገመገሙ ግሉኮሳሚንና አብሮት የሚሰጠው ኮንድሮይቲን በውሾች አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ብግነት) ላይ ለውጥ አላሳዩም፣ ኦሜጋ 3 ግን አሳየ። ያለው ሲያልቅ ሌላ አትግዢ።

እንግዲህ ወደ 41 ኪሎው እንምጣ። ትልቅ ውሻ ነው ብለሽ አለፍሽው። እኔ ግን እዚያ ላይ ቆሜ ቀረሁ። 10 ኪሎ ጨምሯል! ያን ጭነት ጠዋት ጠዋት የሚያነሱት እነዚያ የሚንሸራተቱት የኋላ እግሮች ናቸው። እጅሽን ጨብጪና በሌላኛው እጅሽ ጣት የጣቶችሽን መጋጠሚያ አጥንቶች ዳብሺ፣ ከዚያ ዘርጊውና የእጅሽን ጀርባ ዳብሺ። የመቻል የጎን አጥንት እንደ ሁለተኛው፣ በስሱ ተሸፍኖ ግን ሳትጫኚ የሚገኝ መሆን አለበት። ተጭነሽ ፈልገሽ ካጣሽው ወፍሯል። ድሮ 48 ላብራዶሮችን ከአንድ እናት የተወለዱትን ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ አንዱን ከወንድሙ በ25 በመቶ ያነሰ እያበሉ ዕድሜ ልካቸውን የተከታተሉ ተመራማሪዎች ነበሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ፤ ትንሽ የበሉት ከእኩዮቻቸው 2 ዓመት ለማይሞላ ጊዜ ያህል በልጠው ኖሩ፣ አርትራይተሱም ዘግይቶ መጣባቸው። የትኛውም ጠርሙስ ይህን አላደረገም።

ደስ የሚለው፣ 10ሩም ኪሎ እስኪወርድ መጠበቅ የለብሽም። ወፍራምና የሚያነክሱ ውሾች ከክብደታቸው 6 በመቶ ገደማ ሲቀንሱ አነካከሳቸው ቀለል ማለቱ ታይቷል። ለመቻል 2 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ግን ይህን አሁን አትጀምሪ! ምግብ እየተወ ያለን ውሻ አናስርበውም፣ የደሙ ውጤት ይቅደም። ከዚያ በኋላ ምግቡን በእጅ ግምት መጨመር ይቅር፣ በሚዛን ይሁን። ክኒን ካስፈለገው ከራሱ ምግብ ትንሽ በውሃ አርሰሽ ጠቅልይበት።

አካሄዱን ለሐኪሙ በስልክሽ ቀርጸሽ አሳዪው፣ ክሊኒክ ውስጥ ሁሉም ውሻ ጀግና ይሆናል። ሕመም ማስታገሻ ካስፈለገው እሱ ያዝለታል። የቤት አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል እንዳትነኪ። ሴራሚኩ ላይ ከመኝታው እስከ ውሃው ድረስ ምንጣፍ ዘርጊለት፣ ጥፍሩንም ቁረጪው፣ ረጅም ጥፍር ነው ግማሹን የሚያንሸራትተው።

ባለቤትሽ ስለ አጥንቱ ያለውን አንብቤ ስቄያለሁ፣ ግን የበሰለ አጥንት ሲሰበር ስል ሆኖ አንጀት ይወጋልና እሱም ይቅርበት። ይልቅ መኪና ሲገባ የኋላውን እሱ ያንሳለት።